ተግሣጽ በጨዋታ፦ ስለ ጎረቤትና ስለ ዘመድ ጥቃቅን በደሎች

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ሁለት ትእዛዛት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። በቁጥር 17 ሰው ወንድሙን በልቡ እንዳይጠላ፣ ይልቁንም ባልንጀራውን እንዲገሥጽና በእርሱ ምክንያት ኃጢአት እንዳይሸከም ታዝዟል፤ በቁጥር 18 ደግሞ በቀልና ቂም ተከልክለው ባልንጀራን እንደ ራስ አድርጎ መውደድ ታዝዟል። ሁለተኛው ትእዛዝ በየዐውደ ምሕረቱ ሲሰበክ የሚሰማ ሲሆን የመጀመሪያው ግን አዘውትሮ ይዘነጋል፤ ይሁንና የሁለቱ አቀማመጥ ራሱ ትምህርት አለው፤ ያልተነገረ ቅሬታ በልብ ውስጥ ሲውል ሲያድር ጥላቻ ይሆናልና፣ ባልንጀራውን መውደድ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ቅሬታውን የሚናገርበትን መንገድ ማግኘት አለበት።

ጥያቄው የሚነሣው ይህ መንገድ ምን ዓይነት ይሁን ሲባል ነው። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ከቁጥር 15 እስከ 17 ወንድሙ ለበደለው ሰው የሚሆን ሥርዓት አስቀምጧል፤ በዳዩን በመጀመሪያ ለብቻው ማነጋገር፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ፣ ይህንም እንቢ ካለ ለማኅበረ ምእመናን መንገር ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራበት የሽምግልና ልማድም ከዚህ ሥርዓት ብዙ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ ሙቀጫ የሚወቅጥ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ፣ የተዋሰችውን ወንፊት ሳትመልስ ዓመት በዓል የሚያልፋት ጎረቤት፣ በሠርግ ድንኳን ውስጥ የእህቷን ልጅ በሰው ፊት «አንቺስ መቼ ነው?» የምትል አክስት፣ ሽማግሌ የሚላክባቸው በዳዮች አይደሉም። በደላቸው ለክስ ያነሰ፣ ለዝምታ ግን የበዛ ነው። ለእንዲህ ያለው በደል ተገቢው የተግሣጽ መልክ በቅን ልብ የተሰነዘረ ጨዋታ መሆኑን፣ ጨዋታውም ይህን ማዕረግ የሚያገኘው ሃይማኖትና ፍልስፍና ያሰመሩለትን ወሰን ሲጠብቅ ብቻ መሆኑን ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ከሕግና ከሽምግልና በታች ያለው በደል

ጥቃቅን በደል ማለት፣ የሚፈጽመው ሰው ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው ወይም ጉዳቱን ሳያስተውለው የሚፈጽመው፣ አንድ ጊዜ ቢደርስ የሚረሳ፣ ሲደጋገም ግን የአብሮነትን ጣዕም የሚያበላሽ ድርጊት ነው። ሕግ አውጪዎች ይህን ዓይነቱን በደል ሳያስቡት አልቀሩም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ፣ ባለ ንብረት የሆነ ሰው ጎረቤቱን እንዳያውክ ሲደነግግ፣ ጢስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና ንዝረትን ጠቅሶ እነዚህ ነገሮች ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ እንደሌለባቸው ያስገነዝባል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ሕጉ የጩኸቱን ልክ በቁጥር ሳይወስን መለኪያውን ለመልካም ጉርብትና መተዉ ነው፤ መልካም ጉርብትና ደግሞ ራሱ በሕግ የሚፈጠር ሳይሆን በሰላምታ፣ በቡና፣ በእድርና በለቅሶ ቤት የሚገነባ ስለ ሆነ፣ ዳኛው የሚያመለክትበት ቦታ ተመልሶ ጎረቤቶቹ ዘንድ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከተስፋፉ ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል እንዲያስተዳድሩ ሥርዓት ዘርግቷል። ሆኖም ቀድሞ አጥርና ግቢ በሚለያያቸው ቤቶች ይኖር የነበረ ሰው፣ አሁን የአንዱ ወለል ለሌላው ጣሪያ በሆነበት ኑሮ ውስጥ ገብቷል፤ በግቢ ሲወቀጥ ለማንም የማይሰማው ቡና ከታች ላለው ሰው ራስ ምታት ይሆናል፣ ከላይኛው በረንዳ የተሰጣ ልብስ በታችኛው የደረቀ ልብስ ላይ ያንጠባጥባል፣ የበዓል በግ የሚታረድበት ቦታም ክርክር ያስነሣል። ቤቱ ሲለወጥ ልማዱ አብሮ አልተለወጠምና አብዛኛው አዋኪ ጎረቤት የክፋት ሳይሆን የልማድ ሰው ነው፤ ይህን አለመገንዘብ ለተግሣጹ የተሳሳተ ቃና ይሰጠዋል።

ዝምታ ትዕግሥት ያልሆነበት ጊዜ

ብዙ ሰው ለእነዚህ በደሎች የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ ዝምታ ሲሆን ምንጩም ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ፣ ሰው ስለ እኔ ምን ይላል በሚል ስጋት የሚሰማውን ከመናገር፣ የሚፈልገውንም ከመጠየቅ የሚያግድ የኀፍረት ስሜት ነው። ይህ ስሜት ሰውን ከብልግና የሚጠብቅ መልካም ጎን አለው፤ ነገር ግን ዝም ያለው ሰው ሁሉ ታግሧል ማለት አይደለም። ታጋሽ ሰው በደሉን ከልቡ የተወ ነው፤ ይሉኝተኛ ሰው ግን በደሉን ከአፉ ከልክሎ በልቡ ያስቀመጠ ነው፤ የተቀመጠውም ነገር አንድ ቀን በማይገባ ምክንያት፣ ከበደሉ ጋር በማይመጣጠን ኃይል ይፈነዳል። ለዓመታት የሙቀጫ ድምፅ ዝም ብሎ የሰማ ሰው በአንድ ቀን የቆሻሻ ከረጢት ተነሥቶ ጎረቤቱን ሲሳደብ ቢታይ፣ ጠቡ የከረጢቱ ሳይሆን የሙቀጫው ነው።

የይሉኝታን ክብደት ቅዱሳት መጻሕፍትም ያውቁታል። በቁርኣን ሱረቱል አሕዛብ ቁጥር 53 ላይ ምእመናን ወደ ነቢዩ ቤት ሳይጠሩ እንዳይገቡ፣ የምግቡን መድረስ ቀድመው መጥተው እንዳይጠብቁ፣ ከበሉም በኋላ በወሬ ተይዘው ሳይቆዩ እንዲበተኑ ታዝዘዋል፤ ምክንያቱም ሲገለጽ ይህ አድራጎት ነቢዩን ያስቸግራቸው እንደ ነበርና እርሳቸውም ለእንግዶቹ ይህን መናገር ያፍሩ እንደ ነበር ተነግሯል። የእንግዳ አለመነሣት በመለኮታዊ ቃል የሚታረም ጉዳይ ከሆነ፣ አስተናጋጁ የሚሰማው ኀፍረትም የደካማ ሰው ጠባይ ሳይሆን ከቸርነት የሚመነጭ እውነተኛ ችግር ነው ማለት ነው። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 25 ቁጥር 17 ሰው ወደ ባልንጀራው ቤት እግሩን እንዳያበዛ፣ ባልንጀራው ሰልችቶት እንዳይጠላው ይመክራል፤ በምዕራፍ 27 ቁጥር 14 ደግሞ ማልዶ ተነሥቶ ባልንጀራውን በታላቅ ድምፅ የሚመርቅ ሰው ምርቃቱ እንደ እርግማን እንደሚቆጠር ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ምክር የሚያስፈግግ ቢሆንም ፍርዱ ጥልቅ ነው፤ መልካም ነገር ሁሉ ያለ ጊዜውና ያለ ልኩ ሲደረግ ለተቀባዩ ሸክም እንደሚሆን ያስተምራልና።

ሁለተኛው ምላሽ ቁጣ ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የግል ማስታወሻው ሁለተኛ መጽሐፍ መክፈቻ ላይ፣ ሰው በየማለዳው ጣልቃ ገቢ፣ ውለታ ቢስና ነገረኛ ሰዎችን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ለራሱ እንዲነግር፣ እነርሱም በተፈጥሮ ወንድሞቹ ስለ ሆኑ ሊቆጣባቸው እንደማይገባ ያስተምራል። ከእርሱ በፊት የነበረው ኤጲክቴጦስ ደግሞ እያንዳንዱ ነገር ሁለት መያዣ እንዳለው፣ ወንድም ሲበድል በደሉን በበዳይነቱ በኩል ሳይሆን ወንድም በመሆኑ በኩል መያዝ እንደሚገባ ይመክራል። የእነዚህ የስቶይክ ፈላስፎች ምክር የተበዳዩን ልብ ከቁጣ ያድናል፤ ይሁን እንጂ በዳዩን አያርመውም፣ የሙቀጫውን ሰዓትም አይለውጠውም። ስለዚህ በዝምታና በቁጣ መካከል የልብን ሰላም ሳያጠፋ ቃልን የሚያደርስ ሦስተኛ መንገድ ያስፈልጋል።

በቀልድ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች

ሦስተኛው መንገድ ጨዋታ ነው ሲባል ከሃይማኖት ወገን የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 26 ቁጥር 18 እና 19 ባልንጀራውን አታልሎ «ስቀልድ ነው» የሚለውን ሰው የእሳት ትንታግና ገዳይ ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ያስተካክለዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 4 የማይገባ ቀልድን ከከንቱ ንግግር ጋር አብሮ ይከለክላል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዮሐንስ አፈወርቅም በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው፣ ክርስቶስ ሲያለቅስ እንጂ ሲስቅ በወንጌል ተጽፎ እንደማይገኝ ያሳስባል። ቁርኣን በበኩሉ በሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 11 ሕዝብ በሕዝብ ላይ፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ፣ የሚሳለቁባቸው ሰዎች ከእነርሱ የተሻሉ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ፣ በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትንም ይከለክላል።

እነዚህ ቃላት በጥንቃቄ ሲመረመሩ ግን የሚያወግዙት ሳቅን ሁሉ አይደለም። የምሳሌው ቃል የሚመለከተው አታላዩን ነው፤ የሑጁራት ቃል የሚመለከተው ራሱን ከፍ አድርጎ ሌላውን የሚያዋርደውን ነው፤ ዮሐንስ አፈወርቅም ዓላማው ሳቅን ፈጽሞ ማጥፋት ሳይሆን የልብን መባከን መግታት መሆኑን በዚያው ስብከት ገልጿል። መጽሐፈ መክብብ ለመሣቅም ጊዜ እንዳለው ይናገራል፤ ሣራም ይስሐቅን በወለደች ጊዜ ሳቋን የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጋ ተቀብላዋለች። በሐዲስ መጻሕፍትም ነቢዩ ሙሐመድ ይቀልዱ እንደ ነበር፣ ሲቀልዱም ከእውነት በቀር እንደማይናገሩ ተዘግቧል፤ የሚጫነውን እንስሳ የለመናቸውን ሰው የግመል ልጅ እንሰጥሃለን ብለው፣ ሰውዬው ግልገል ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ግራ ሲገባው፣ ትልቁም ግመል ቢሆን የግመል ልጅ መሆኑን አስታውሰውታል። ሰውዬው አልተዋረደም፣ አልተታለለም፣ የለመነውንም አላጣም።

ፌዝ፣ አሽሙርና ጨዋታ

ልዩነቱን ለማጥራት ፈላስፎች ስለ ሳቅ ምንጭ የተናገሩትን ማየት ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ ባሳተመው ሌዋታን በተባለው መጽሐፉ ሳቅ የሚመነጨው ሰው በሌላው ጉድለት ፊት የራሱን ብልጫ በድንገት ሲያይ ከሚሰማው ክብር እንደ ሆነ ጽፏል። ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት ደግሞ በ1790 እ.ኤ.አ ባሳተመው ስለ ፍርድ ኃይል በሚመረምር ሥራው ሳቅ የሚመጣው የተወጠረ ጥበቃ በድንገት ወደ ምንም ሲለወጥ ነው ይላል። ሁለቱም ሳቆች በሰው መካከል ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሳቂና የሚሳቅበት ሰው ይሻል፤ ሁለተኛው ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር ላይ አብረው ሊስቁት የሚችሉት ነው። ለተግሣጽ የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ሲሆን፣ የመጀመሪያው በአማርኛ ፌዝ የሚባለው ነው።

ከፌዝ ይልቅ ለጨዋታ የሚቀርበውና ስለዚህም ይበልጥ አደገኛ የሆነው ግን አሽሙር ነው። አሽሙር ማለት ስም ሳይጠራ፣ ጉዳዩም በግልጽ ሳይነገር፣ የታሰበበት ሰው ብቻ እንዲወጋ ተደርጎ የሚወረወር ቃል ነው። በቡና ላይ ወንፊት የተዋሰችው ሴት ባለችበት «አንዳንድ ሰው እኮ የሰው ዕቃ የራሱ ይመስለዋል» ብሎ ወደ ሌላ ሰው ፊት ማዞር የዚህ ዓይነት ነው። በቅኔ ቤት ትምህርት ሰምና ወርቅ የሚባለው ስልት፣ ማለትም በላይኛው ትርጉም ውስጥ ሌላ ትርጉም የመሰወር ጥበብ፣ ከአሽሙር ጋር በመልክ ይመሳሰላል፤ በሁለቱም ውስጥ የተሸፈነ ነገር አለና። ልዩነቱ የሚታወቀው ሽፋኑ ማንን እንደሚጠብቅ ሲጠየቅ ነው። አሽሙር የሚሸፍነው ተናጋሪውን ነው፤ ሰሚዋ ብትቆጣ «ስምሽን አነሣሁ?» ብሎ እንዲያመልጥ ያስችለዋልና። መልካም ጨዋታ የሚሸፍነው ግን ሰሚውን ነው፤ ተግሣጹን ሳያፍር ተቀብሎ፣ እንደ ተገሠጸም ሳይቆጠር ስሕተቱን የሚያርምበት ቦታ ይተውለታልና። ነቢዩ ናታን በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ለዳዊት የድኻውን ሰው በግ ታሪክ ሲነግረው ጉዳዩ ለሳቅ የማይሆን ከባድ በደል ቢሆንም፣ የአነጋገሩ ሽፋን ንጉሡ በራሱ ላይ በራሱ አፍ እንዲፈርድ ያገለገለ እንጂ ናታንን የደበቀ አልነበረም፤ በመጨረሻም ናታን ያ ሰው አንተ ነህ ከማለት አልሸሸም።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ አራተኛ ክፍል ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ በምግባራት መካከል ቦታ ሰጥቶታል። በአንድ ወገን ለሳቅ ሲል ራሱንም ሌላውንም የማይምር ቧልተኛ አለ፤ በሌላ ወገን ራሱ የማይጫወት፣ የሚጫወተውንም የሚቀየም ደረቅ ሰው አለ፤ በመካከላቸው ያለው ተጫዋች ሰው ምን እንደሚባልና ለማን እንደሚባል የሚያውቅ፣ ለራሱ ሕግ የሆነ ሰው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ይህን ትምህርት ወደ ክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር አምጥቶ፣ ጨዋታ የደከመች ነፍስ ዕረፍት መሆኑን፣ ለሌሎች ደስታ ምንም ሳያዋጣ የሌሎችንም የሚያጠፋ ሰው ደግሞ በምክንያታዊነት ላይ እንደሚበድል አስተምሯል። በኢትዮጵያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አለቃ ገብረ ሐና በአቋቋም ሊቅነታቸው የታወቁ ሲሆኑ፣ በሕዝብ ዘንድ ከሊቅነታቸው ይልቅ በጨዋታቸው የሚታወሱ መሆናቸው፣ ዕውቀትና ሳቅ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ማኅበረሰቡ ከጥንት ያመነበት መሆኑን ያሳያል።

ለጎረቤት የሚሆን ጨዋታ

ከዚህ ትምህርት ለዕለት ኑሮ የሚሆኑ ምክሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ጊዜን የሚመለከት ነው፤ ሙቀጫው እየተወቀጠ ሳለ በር አንኳኩቶ የሚነገር ቀልድ ምንም ያህል ቢያምር ቁጣ መሆኑ አይቀርም። በማግሥቱ በደረጃው ላይ ከሰላምታ በኋላ፣ «እትዬ፣ ትናንት ማለዳ ቡናው ሲወቀጥ አቦሉ ይደርሰናል ብለን አልጋ ላይ ሆነን ስንጠብቅ ነጋ፤ ከእንግዲህ ወይ ወቀጣውን ረፈድ ያድርጉልን፣ ወይ ሲኒውን ወደ ታች ይላኩልን» የሚል ሰው ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ አድርጓል፤ ድምፁ እንደሚሰማ አስታውቋል፣ የሚፈልገውን በግልጽ ተናግሯል፣ ለጎረቤቱም የእንግዳ ተቀባይነት ክብር ሰጥቷል። ከዚህ በኋላ ወቀጣው ሊረፍድ ይችላል፤ ሲኒው ሊወርድም ይችላል፤ ሁለቱም ከነበረው ይሻላሉ።

ሁለተኛው ምክር ነገሩን እንጂ ሰውን አለመንካት ነው። የተዋሱትን የማይመልሱ ጎረቤቶች ረስተው እንጂ ወስደው የሚቀሩ እምብዛም አይደሉምና፣ «ወንፊታችን እናንተ ቤት ተመችቷት ቀረች፤ ለበዓል እንኳ መጥታ ትጠይቀን እንጂ» ሲባል ሳቁ የሚያርፈው በወንፊቷ ላይ ነው፤ የተዋሰችውም ሴት እየሳቀች «አሁኑኑ አመጣታለሁ» ለማለት አትቸገርም። በተቃራኒው መርሳቷን የጠባይዋ ስም አድርጎ «ረሺ» እያሉ መጥራት በመጥፎ ስም መጠራራት ይሆናል፤ ይህም ከላይ እንደ ታየው የተከለከለ ነው።

ሦስተኛው ምክር ልማዱ ራሱ ያዘጋጀውን መውጫ መጠቀም ነው። የቡና ሥርዓት አቦል፣ ቶናና በረካ የሚባሉ ሦስት ዙሮች አሉት፤ በረካ የመጨረሻውና ከስሙም እንደሚታወቀው የበረከቱ ዙር ነው። ሥርዓቱ ጅማሬ ብቻ ሳይሆን ፍጻሜም ስላለው፣ መነሣት ለተሳነው እንግዳ «ከበረካ በኋላ ያለውን ሲኒ አባቶቻችን ስም ሳያወጡለት ቀርተዋል» ማለት ማባረር አይደለም፤ በረከቱ ተፈጽሟልና። ከዚህም የሚሻለው አስቀድሞ፣ ገና በአቦሉ፣ የቤቱ ሰው በስንት ሰዓት መውጣት እንዳለበት መናገር ነው፤ እንግዳው ሳያፍር የሚነሣበትን ሰዓት አስቀድሞ መስጠት የመስተንግዶው አካል ነውና።

አራተኛው ምክር ቀልዱ ሳይገባ እንዳይቀር መጠንቀቅ ነው። በጣም ከመሸፈኑ የተነሣ ሰሚው ያላገኘው ተግሣጽ ከዝምታ አይለይም፤ እንዲያውም ተናጋሪው «ነግሬዋለሁ እኮ» ብሎ ቂም እንዲይዝ ሰበብ ይሆነዋል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ በጨዋታ የተነገረው ነገር ካልተሰማ፣ በሦስተኛው ጊዜ ጨዋታውን ትቶ በትሕትናና በግልጽ ቃል ለብቻ መናገር የማቴዎስ ወንጌል የመጀመሪያ ደረጃ ነው።

ለዘመድ የሚሆን ጨዋታ

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ብሂል እንደሚመሰክረው፣ ቅርበት በዝምድና ብቻ አይለካም፤ ነገር ግን ጎረቤት በመዛወር ሲለይ ዘመድ በየትም አይለይምና ከዘመድ ጋር የሚደረገው ጨዋታ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። የዘመድ ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ መቼ ታገቢያለሽ፣ ልጅስ፣ ደመወዝህ ስንት ደረሰ፣ ምነው ከሳህ፣ ምነው ወፈርሽ የሚሉ ናቸው። ክሴኖፎን ስለ ሶቅራጥስ በጻፈው ማስታወሻ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ የሶቅራጥስ ልጅ ላምፕሮክሌስ በእናቱ ኃይለ ቃል ተማርሮ ሲያማርር፣ አባቱ የቲያትር ተዋንያን እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡትን ስድብ ክፋት እንደሌለበት ስለሚያውቁ እንደማይቀየሙበት አስታውሶ፣ እናቱ ከማንም በላይ መልካም እንደምትመኝለት እያወቀ ስለ ምን እንደሚቀየም ይጠይቀዋል። የአክስት ጥያቄም ብዙውን ጊዜ አሳብን የመግለጫ ሌላ ቋንቋ ከማጣት የሚመጣ ነው፤ የምትወደውን ልጅ ሕይወት ለማወቅ ከሠርግና ከክብደት ሌላ መግቢያ በር አላገኘችም።

ስለዚህ መልሱ በሩን ሳይዘጋ አቅጣጫውን የሚያስቀይር መሆን አለበት። «እትዬ፣ ሙሽራው መንገድ ጠፍቶበት ይሆናልና ሲያገኙት የእኛን ሰፈር ያመላክቱልኝ» ብላ የምትመልስ ልጅ ጥያቄውን አልካደችም፣ አክስቷንም አላሳፈረችም፤ ተጨማሪ ጥያቄ ግን ከሳቁ በኋላ ቦታ ያጣል። ወፈርሽ የተባለችውም «በየበዓሉ በሞቴ እያሉ ካጎረሱኝ ውስጥ አንዱም ጉርሻ አልጠፋም ማለት ነው» ስትል፣ ነቀፌታውን ወደ ፍቅር ምስክርነት ለውጣዋለች። በእነዚህ መልሶች ውስጥ አንቱታ፣ ማለትም ታላቅን በአክብሮት የመጥራት ሥርዓት፣ ሳይጓደል መጠበቁ ዋና ነገር ነው፤ ታናሽ ለታላቁ የሚያቀርበው ጨዋታ ተቀባይነት የሚያገኘው ቃሉ ሲያስቅ አጠራሩ ሲያከብር ነውና።

በባሕር ማዶ የሚኖሩ ቤተሰቦችም የዚህ ጉዳይ ተካፋዮች ናቸው። በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገሮች የሚሠራ ሰው በሰዓት ልዩነት ምክንያት ሌሊት በሚደርሱት የምርቃትና የሰላምታ የድምፅ መልእክቶች ሲነቃ የመጽሐፈ ምሳሌ ቃል በእርሱ ላይ ይፈጸማል፤ «ምርቃቱ ደርሶኛል፣ እንቅልፌ ግን አልደረሰም፤ ጠዋት ላይ ቢመርቁኝ አሜን ለማለት ነቅቼ እገኛለሁ» ብሎ መመለስ ይበቃዋል። የገንዘብ ጥያቄ ሲመጣ ግን ጨዋታ ብቻውን አይበቃም። እያለው የለኝም ብሎ መቀለድ ሐሰት ነው፣ ቃል ገብቶ ደግሞ ሲቀልድ እንደ ነበር መናገር በመጽሐፈ ምሳሌ የተወገዘው ማታለል ነው፤ ስለዚህ በደግ ፊት የሚቻለውንና የማይቻለውን በትክክል መናገር ይገባል።

ጨዋታ የሚያቆምበት ቦታ

ለጨዋታ የሚሆኑት ጥቃቅን በደሎች ብቻ ናቸው። ድብደባ፣ ዛቻ፣ ስርቆት፣ የሰውን ሃይማኖት ወይም ብሔር መስደብ፣ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት በሳቅ የሚሸፈኑ አይደሉም፤ እነርሱን በቀልድ ማለፍ ለበዳዩ ሽፋን መስጠት ነውና ሽማግሌ፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት የተሠሩት ለዚህ ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ጎረቤቱ የሚያስቸግረው ሰው ወደ ነቢዩ መጥቶ ሲከስ በመጀመሪያ እንዲታገሥ መክረውታል፤ ደጋግሞ ሲመጣ ግን ዕቃውን አውጥቶ በመንገድ ላይ እንዲያኖር ነገሩት፣ አላፊ አግዳሚውም ምክንያቱን እየሰማ በዳዩን ሲወቅስ፣ ጎረቤቱ መጥቶ ከእንግዲህ የሚጠላውን ነገር እንደማያይ ቃል ገባለት። ትዕግሥት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን፣ በደል ሲጸና ማኅበረሰቡ ማወቅ እንዳለበት ይህ ዘገባ ያስረዳል።

ሌላው ወሰን ቁስል ነው። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ሐና መካን በመሆኗ ጣውንቷ ፍናና ታስቆጣት ነበር፤ በመቅደስም ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ተሳስቶባታል። «ልጅስ?» የሚለው ጥያቄ ለአንዷ ተራ ወሬ ሲሆን ለሌላዋ የሌሊት ዕንባ ሊሆን ይችላልና፣ ከቆሰለው ሰው የቀልድ መልስ መጠበቅ ሌላ በደል ነው። በዚህ ጊዜ የመጫወት ግዴታ የሚወድቀው በአጠገብ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው፤ ወሬውን ወደ ራሱ ስቦ፣ ሳቁንም በራሱ ላይ አድርጎ፣ የተጠየቀችውን ከዐይን ማውጣት የወዳጅነት ሥራ ነው።

የተግሣጽ ሁሉ የመጨረሻ ፈተና በተራራው ስብከት ተቀምጧል፤ በወንድሙ ዐይን ያለውን ጉድፍ የሚያይ በራሱ ዐይን ያለውን ምሰሶ አስቀድሞ ያውጣ ተብሏል። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ከበላዩ ሌላ ጎረቤት አለው፣ የምትጠየቀው ልጅም ነገ አክስት ትሆናለች፤ ማንም ሰው ለአንድ ሌላ ሰው አስቸጋሪ ጎረቤት ወይም አስቸጋሪ ዘመድ ሳይሆን ዕድሜውን አይፈጽምም። ስለዚህ በጎረቤቱ ላይ ለመጫወት የሚፈልግ ሰው መብቱን የሚያገኘው፣ ጎረቤቱ በእርሱ ሲጫወት ሳይቀየም ስቆ ስሕተቱን ለማረም ዝግጁ ሲሆን ነው። ይህ ዝግጁነት ባለበት ቤትና ሰፈር የሌዋውያን ሁለቱ ትእዛዛት አይጣሉም፤ ሰው ባልንጀራውን በአንድ ቃል ገሥጾትም ወዶትም ያድራል።